ከዘጌ የተመለሰው ጥላ

ውሸት ይህን ያህል ሥራ እንዳለው የነገረኝ ሰው አልነበረም። አንዴ ተናግሬው የምገላገል መስሎኝ ነበር። ለካ ውሸት እንደ ጡት ልጅ ነው፤ በየሰዓቱ አጥቡኝ ይላል፣ ለጎረቤት አደራ ብሎ መውጣት አይቻልም። እኔ የራሴን አራት ወር ሙሉ ተንከባክቤ አሳድጌዋለሁ። አሁን የማጫውታችሁ እንዴት እንደተገላገልሁት ነው። የፈጀው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያ ቀን ግን ከአምስት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ይረዝማል።

በዚያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ነው። አባቴ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ያህል የሽመና ማሽን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። የማሽኑ ጩኸት ጆሯቸውን ስላደከመው ሰው ሁሉ የማይሰማ ይመስላቸዋል፤ ሲያወሩ ይጮኻሉ። እናቴን "ምስጢር ልንገርሽ" ሲሏት እኔ ተነሥቼ መስኮቱን እዘጋለሁ።

እኔ ከከተማችን ርቆ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማርሁ። እንደምታውቁት ዛሬ አምስት ዓመት መማር ብቻውን አያስመርቅም። መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና አለ፤ ከመቶ ኀምሳ ያላመጣ ዲግሪውን አያይም። እኔ ሠላሳ ስምንት አመጣሁ።

ያን ጊዜ እውነቱን ነበር የነገርኋቸው። አባቴ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እራታቸውን ሳይነኩ ተኙ። ሳምንቱን ሙሉ ድምፃቸው ከመቀነሱ የተነሣ ጎረቤታችን "ጋሽ ሙላት አሟቸዋል እንዴ?" ብላ ልትጠይቅ መጣች። ከዚያ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው፣ "ልጄ ፈተናዋን ብታልፍ ለዘጌ ኪዳነ ምሕረት ጥላ አስገባለሁ ብዬ ተስያለሁ!" አሉ። የነገሩት ለእናቴ ነበር፤ የሰማው ግን ሰፈሩ ሁሉ ነው።

ሁለተኛውን ፈተና ወስጄ ውጤቱ በስልክ ሲወጣ ግቢያችን ውስጥ ቆሜ ነበር። አርባ አንድ። ቀና ስል አባቴ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

"እህሳ?" አሉ፤ ደግሞ ቀስ ብለው።

ዓይናቸውን አየሁና አፌ በራሱ ጊዜ "አለፍሁ" አለ። አንዲት ቃል ናት። አባቴ ጣሪያ ይዘው የዘለሉ እስኪመስለኝ ድረስ ጮኹ፤ እናቴ እልል አለች፤ ጎረቤት መጣ፤ እኔም ተሳምሁ፣ ተመረቅሁ፣ ቆሎ በላሁ። ውሸቴ በዚህ ዓይነት ተወለደ።

ያለፈ ሰው ሥራ ይፈልጋል፤ የኢንጂነር አባት ደግሞ "ልጅህ የት ገባች?" ተብሎ ይጠየቃል። ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት ሥራ ገባሁ። አንድ የግል ድርጅት ለሙከራ ወስዶኛል፣ ደመወዙ ከሙከራው ጊዜ በኋላ ነው፣ ዲግሪዬም ገና እየታተመ ነው አልሁ። አባቴ ሁሉንም አመኑ። ከዚያ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ምሳዬን ራሳቸው ይቋጥሩልኝ ነበር። "ሠራተኛ ሰው ምሳውን ይዞ ነው የሚሄድ" ይሉኛል፤ ከፋብሪካው ዘመን የተረፈ ልማድ ነው። ወጡ እንዳይፈስ የሳህኑን ክዳን በጥጥ ክር ጠምጥመው ያስሩታል።

ሁለት ሰዓት ላይ ምሳዬን ይዤ እወጣና ታና ዳር ሄጄ እቀመጣለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደክሞኝ ወደ ቤት እገባለሁ። እውነቴን ነው፣ በጣም ይደክመኝ ነበር። ሥራ ፈትቶ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ከሥራ እንደሚከብድ የሚያውቅ የሞከረው ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ወፍ ስቆጥር ዋልሁ። ከዚያ የሚያውቀኝ ሰው ቢያልፍ ሥራ ላይ እንድመስል ብዬ ደብተርና እስክሪብቶ ገዛሁ። ደብተር ይዘሽ ባዶውን ስታዪው ያሳፍራል፤ አንድ ነገር መጻፍ ነበረብኝ። "ዛሬም ሥራ አልሄድሁም" ብዬ ጻፍሁ።

ያቺን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ሳነባት የሆነ ነገር ከደረቴ ላይ ተነሣ። ከስንት ጊዜ በኋላ የተናገርኋት የመጀመሪያዋ እውነት ነበረች። በማግሥቱም ጻፍሁ። እየቆየሁ ለራሴ ሕግ አወጣሁ፤ አንድ ገጽ ሳልሞላ ምሳ አልበላም፣ ደብተሩ ውስጥ ደግሞ ውሸት አይገባም። ሌላው ቦታ ሁሉ በውሸት ተሞልቶ ስለነበር እውነት እንድታርፍበት አንድ ቦታ መተው ነበረብኝ። አንዳንድ ቀን እያለቀስሁ፣ አንዳንድ ቀን እየተሳደብሁ፣ አብዛኛውን ቀን ግን በረኀብ ምክንያት ገጹን ሞላሁ። የካቲት ሲገባ ሦስተኛውን ደብተር ጀምሬ ነበር።

የካቲት ኪዳነ ምሕረት ሁለት ቀን ሲቀራት አባቴ ከገበያ በባጃጅ መጡ። ከባጃጁ በአንድ በኩል እግራቸው፣ በሌላው በኩል አንድ ረጅም ዘንግ ወጥቷል። ጥላ ነበር። ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ ቄስ ታቦት ይዘው ሲወጡ የሚዘረጋላቸው ዓይነት።

"ነገ ካለቃሽ ፈቃድ ጠይቂ፤ ከነገ ወዲያ ዘጌ ነን!" አሉኝ።

"አባባ፣ ቢሮ ሥራ በዝቷል፤ የሚፈቅዱልኝ አይመስለኝም።"

"ስልኩን አምጭ፤ እኔ ላነጋግረው። ስለት ነው ካልሁት የማን አለቃ ነው እምቢ የሚል?"

"አይ... እኔው ልጠይቀው" አልሁ። የሌለ አለቃ በማግሥቱ ፈቀደልኝ።

ያን ሁለት ቀን እንዴት እንዳሳለፍሁት አትጠይቁኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ስለት እንዲሁ አስረክቦ የሚመለሱበት ነገር አይደለም። በሕዝብ ፊት ይነገራል። እገሌ ይህን ብለው ተስለው ነበር፣ ስለታቸው ሰምሮላቸው ይህን አስገብተዋል፣ እልል በሉላቸው ይባላል። ያልሆነ ነገር ሆነ ተብሎ በድምፅ ማጉያ ሊነገር ነው፤ ያውም በእመቤታችን ፊት፣ ያውም በእኔ ስም። ለአባቴ መዋሸት አንድ ነገር ነው። አባቴን ሳያውቁት ታቦት ፊት አቁሜ ማስዋሸት ግን ሌላ ነው።

የበዓሉ ቀን በማለዳ እናቴ ጉልበቷን ስላመማት ቤት ቀረች፤ እኔና አባቴ ወደብ ወረድን። ጀልባው ነጭ በለበሰ ሰው ተሞልቷል። አባቴ በነጠላ የተጠቀለለውን ጥላ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ጭናቸው ላይ አስተኝተው ተቀመጡ። ከፊታችን የነበሩ አንዲት ወፍራም ወይዘሮ ዘወር አሉ።

"ስለት ነው አባቴ?"

"አዎ እቴ! ለዚች ልጄ ነው! መውጫ ፈተና አልፋልኝ! ኢንጂነር ናት!"

ጀልባው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። "ተባረኪ"፣ "እመቤቴ ታሳድግሽ"፣ "ለኛም ልጆች ታድርግልን" ይሉኛል። አንዲት ሌላ ሴት እጇን ዘርግታ ጉልበቴን ነካችና እጇን ሳመች፤ በረከት እንዲደርሳት መሆኑ ነው። ውኃው ውስጥ ብዘል ደስ ይለኝ ነበር፤ ዋና ግን አልችልም።

ሞተሩ ተነሣ። አሁን ካልነገርሁ መቼም አልነግር ብዬ ወሰንሁ። በቀኝ ጆሯቸው በኩል ተጠጋሁ፤ እሱ ትንሽ ይሻላል።

"አባባ" አልሁ፣ "አላለፍሁም።"

አባቴ በሞተሩ ጩኸት ውስጥ ፊታቸውን አጨማድደው ካዳመጡ በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አዎ፣ አላለፍንም! ገና ነን! ያ የምታይው ክብራን ደሴት ነው፤ ዘጌ ከዚያ ወዲያ ነው!"

ሣቅሁ ወይስ አለቀስሁ፣ አላውቅም። ለአራት ወር ያጠራቀምሁት ድፍረት እዚያው ታና ላይ ሰጠመ። ሁለተኛ የምሞክርበት አቅም አልነበረኝም፤ ውኃውን ሳይ ዘጌ ደረስን።

ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ሽቅብ ይሄዳል። አባቴ ጥላውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ከፊት ከፊት ይራመዳሉ። "ልያዝልዎት" ስላቸው "ስለት የተሳለው ነው የሚሸከም" አሉኝ። ስድሳ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ሲያልባቸው ከኋላ አያለሁ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ያን ያህል ራሴን የጠላሁበት ቀን የለም።

ግቢው ውስጥ ከአንድ ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ተዘርግቶ መሪጌታ ይኄይስ የሚባሉ አዛውንት ስለት ይመዘግባሉ። ተራችን ደረሰ። አባቴ ጥላውን ከነጠላው ውስጥ እየገለጡ "ስለት ነው መሪጌታ!" አሉ።

"ሰምተናል፣ ከወደብ ጀምሮ ሰምተናል" አሉ መሪጌታ፤ "ነገር ግን ከመነገሩ በፊት ባለስለቱ ራሱ በወረቀት ማስፈር አለበት። አምና በቃል ተቀብዬ፣ 'ላሜ ብትወልድልኝ' ያለውን ሰው 'ሚስቱ ወልዳለት' ብዬ አስነገርሁበት። እልልታው ቀልጦ ሰውየው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ፤ ለካ ሚስት የለውም። ከዚያ ወዲህ ያለ ወረቀት አላስነግርም።"

"ኢንጂነሯ ራሷ ትጻፈው!" አሉ አባቴ።

እስክሪብቶና ወረቀት ተሰጠኝ። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ጎንበስ ብዬ ጀመርሁ። "አቶ ሙላት የተባሉ አባት፣ ልጄ የመውጫ ፈተናዋን ብታልፍ ብለው ለኪዳነ ምሕረት ጥላ ተስለው ነበር።" ይህ እውነት ነው፤ እጄ ሳይደናቀፍ ጻፈው። የሚቀጥለው "ስለታቸው ሰምሮ" ነው። ሁለት ቃል ናት። እጄ ቆመ።

ነገሩን ላስረዳችሁ ይቸግረኛል። አፌ ውሸት ለምዷል፤ ጠዋት ሳልነቃ ይዋሻል። እጄ ግን ለወራት በየቀኑ እውነት ብቻ ሲጽፍ የኖረ እጅ ነው፤ ውሸት ጻፍ ስለው እምቢ አለኝ። ድፍረት አገኘሁ አልላችሁም፤ ድፍረቴን ጀልባው ላይ ጨርሼው ነበር። የሆነው ሌላ ነው። እንደ ሁልጊዜው፣ ታና ዳር እንደተቀመጥሁ ያህል፣ የሚቀጥለው እውነት ራሱ መጣና ጻፍሁት።

"አላለፈችም። ሁለት ጊዜ ወድቃለች። በሁለተኛው ለአባቷ አልፌያለሁ ብላ ዋሽታለች። ሥራም የላትም። ጥላው በቅን ልብ የመጣ ነው፤ ውሸቱ የልጅቷ ነው።"

ወረቀቱን ለመሪጌታ ሰጠሁ። እሳቸው አንብበው ጠጋ ብለው ለአባቴ በቀስታ ቢነግሩልኝ ብዬ ነበር። መሪጌታ ወረቀቱን አቅርበው አዩት፣ አርቀው አዩት፣ ደረታቸውን ዳበሱ።

"መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ" አሉ። "እርስዎ ያንብቡልኝ እስቲ፣ ሰው ሁሉ ይስማው።" ወረቀቱን ለአባቴ ዘረጉላቸው።

ከኋላችን ሃያ የሚሆን ሰው ተራ ይጠብቃል። ያች የጀልባዋ ወይዘሮም አሉ። አባቴ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ በነጠላቸው ጠረጉ፣ ሳል ሳል አሉ። "አቶ ሙላት የተባሉ አባት!" ብለው ጀመሩ፤ ጫካው አስተጋባ። "ልጄ የመውጫ ፈተናዋን ብታልፍ ብለው... ለኪዳነ ምሕረት ጥላ ተስለው ነበር! አላ..."

ቆሙ።

በሕይወቴ አባቴ ያለ ድምፅ ሲያነቡ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ከላይ እስከ ታች አነበቡት። እንደገና ከላይ ጀመሩ። እኔ እግራቸውን ነበር የማየው፤ ጫማቸው በመንገዱ አፈር ቀልቷል።

"እህ፣ ምን ይላል?" አሉ መሪጌታ።

አባቴ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። "ይቅር ይበሉኝ መሪጌታ፤ ስለቱ አልደረሰም" አሉ፤ ድምፃቸው የሌላ ሰው ነው የሚመስል።

"እንዴት አልደረሰም? ጥላው እኮ ይኸው ደርሷል። መጥቶስ ይመለሳል? ይግባ ግዴለም፤ እመቤታችን አትቀየምም።"

"የለም" አሉ አባቴ። "ብታደርጊልኝ ብዬ ነው የተሳልሁ። ሳይደረግ የሚገባማ ስለት አይደለም፤ ጉቦ ነው።"

መሪጌታ መሣቅ ጀመሩ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሣቁ። "እውነትዎን ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ስመዘግብ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረው መስቀላቸውን አሳለሙኝና፣ "ምን እንደጻፍሽ አላውቅም ልጄ፣ ግን እኒህን ሰው ዝም ማሰኘት የቻለ ጽሑፍ ቀላል አይደለም" አሉኝ።

አባቴ ጥላውን በነጠላው መልሰው ጠቀለሉት። ታቦት ወጥቶ እስኪገባ፣ የሌላው ሁሉ ስለት እስኪነገር ድረስ ጎን ለጎን ቆምን። አባቴ የያዝነውን ምሳ ሲበሉ ግማሹን ከፍለው አጠገቤ አስቀመጡት።

ከሰዓት በኋላ ንፋስ ተነሥቶ ጀልባው ይናጥ ነበር። አባቴ ጥላው እንዳይረጥብ ኮታቸውን አውልቀው ሸፈኑት። ያች ወይዘሮ እንደገና ከፊታችን ተቀምጠዋል። ዘወር ሲሉ ጥላውን አዩት።

"ውይ! አባቴ፣ ጥላው ተመለሰ እኮ! ምነው፣ ምን ሆነ?"

ጠዋት የመረቀን ጀልባ ሁሉ ጆሮውን አቆመ። ዓይኔን ጨፈንሁ። አባቴ ምስጢር መያዝ የማይችሉ ሰው ናቸው፤ ቢችሉ እንኳ ዛሬ ለእኔ ብለው የሚይዙበት ምክንያት የለም። ንግግራቸውን ጠበቅሁ።

"ቀኑ አልደረሰም እቴ!" አሉ፣ በዚያ በድሮው ድምፃቸው። "ሲደርስ እናመጣዋለን!"

"እናመጣዋለን" አሉ። "አመጣዋለሁ" አላሉም። ዓይኔን ሳልገልጥ ወደብ እስክንደርስ አለቀስሁ፤ ሰው ማዕበል የፈራሁ መስሎት "አይዞሽ፣ ታና የማርያም ነው" ይለኝ ነበር።

ይህ ማለት ግን ይቅር አሉኝ ማለት አይደለም። ቤት ገብተን ጥላውን ቁም ሣጥን ላይ ካጋደሙት በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ዘጉኝ። እናቴ ሁሉንም ከእኔ ሰምታ፣ "እኔን እንኳ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" ብላ አልቅሳ አስለቀሰችኝ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከክፍሌ ስወጣ ምሳዬ ተቋጥሮ፣ ክዳኑ በክር ታስሮ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አባቴ ከጎኑ ቆመዋል።

"አራት ወር ሙሉ ይህን የት ነበር የምትበይው?"

"ታና ዳር።"

"ምን ስትሠሪ?"

"ስጽፍ።"

"ምን?"

"ያልዋሸሁትን ሁሉ።"

"አምጭው።"

ሦስቱን ደብተሮች አመጣሁ። አባቴ ገለጥ ገለጥ አደረጉና መልሰው ሰጡኝ። "የእጅ ጽሑፍሽ አይነበብም። አንብቢልኝ፤ ጮክ አድርጊ።"

በዚያ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ የአራት ወር ኑሮዬን አነበብሁላቸው። ስለ ወፎቹ የጻፍሁትን ሳነብ ሣቁ። የሳህኑን ክር የጻፍሁበት ገጽ ላይ ስደርስ፣ "ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለሌለ ሥራ ነው" የሚለው ላይ፣ አባቴ ተነሥተው መስኮቱ ጋ ሄዱ፤ ያለምክንያት ከፍተው ዘጉት። "ቀጥይ" አሉ።

ቀጠልሁ። "የወደቅሁት ፈተናው ስለከበደ አይደለም። ሦስተኛ ዓመት ላይ ያልገባኝን 'ገባሽ?' ስባል ገባኝ እያልሁ ስላለፍሁት ነው።"

"ምኑ ነው ያልገባሽ?" አሉ ዘወር ብለው።

"ብዙ ነው አባባ። ስሪ ፌዝ የሚባለው የባለ ሦስት መስመሩ ኤሌክትሪክ እንኳ በደንብ አይገባኝም።"

"ስሪ ፌዝ?" አባቴ የተሰደቡ መሰሉ። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ የስሪ ፌዝ ሞተር ስፈታ የኖርሁ ሰው ቤት ተቀምጠሽ? አንች፣ እንዴት አትጠይቂኝም?"

እስክሪብቶዬን ነጥቀው ደብተሬ ጀርባ ላይ ሥዕል መሥራት ጀመሩ። ቀመሩን አያውቁትም። አንዱ ፌዝ ሲወርድ ሌላው እንዴት እንደሚነሣ፣ ሞተሩ ለምን ሳያርፍ እንደሚዞር ግን ከመምህሮቼ ሁሉ በተሻለ ነገሩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሞላው ገጽ ሁለት ሆነ። አንደኛው ስለ ኑሮዬ ነው። ሁለተኛው "ዛሬ ያልገባኝ" የሚል አርእስት አለው፤ ያልገባኝን ነገር በራሴ ቃል፣ እስኪገባኝ ድረስ እጽፈዋለሁ። የማውቀውን መጻፍ ቀላል ነው። የማላውቀውን መጻፍ ስጀምር ግን ስዋሽ የኖርሁት ለአባቴ ብቻ ሳይሆን ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ለራሴም እንደነበረ ገባኝ።

አንባቢዎቼ፣ ብዙዎቻችሁ ከእኔ የከፋ ወድቃችኋል፤ አውቃለሁ። መውደቅ ምን እንደሆነ ለእናንተ ልነግር አልመጣሁም። እኔ ልነግራችሁ የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነው። በየቀኑ አንድ ገጽ ጻፉ፤ አታሳምሩት፣ ለማንም አታሳዩት፣ ግን አትዋሹበት። ሕይወታችሁ በአንድ ወር ይለወጣል የሚላችሁ ካለ አትመኑት፤ የእኔ አልተለወጠም። ነገር ግን አንድ ክፉ ቀን ይመጣል፣ አፋችሁም ልባችሁም ይከዷችኋል። ያን ቀን እጃችሁ የለመደውን ይሠራል። ምን እንደምታለማምዱት አስቡበት።

ሦስተኛውን ፈተና የወሰድሁት ከዚያ በኋላ ነው። ውጤቱ የወጣ ዕለት አባቴ ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ወዳለችው መሸንቲ ለቅሶ ሄደው ነበር። ስልኬን ከፍቼ ቁጥሩን አየሁት። አንድ ደቂቃ አልቆየሁም፤ ደወልሁ።

"አባባ፣ ወደቅሁ።"

"ምን?"

"ወ-ደ-ቅ-ሁ!"

"ስንት አመጣሽ?"

"አርባ ሰባት።"

ከጀርባቸው ድንኳን ውስጥ የሚያወራ ሰው ድምፅ ይሰማኛል።

"ባለፈው አርባ አንድ አልነበር?"

"አዎ።"

"መጀመሪያ ሠላሳ ስምንት?"

"አዎ አባባ።"

"እንግዲያ እየመጣሽ ነው!" አሉ፤ ድንኳኑ ጸጥ አለ። "ሦስት ነው እኮ የቀረሽ! ምሳ በልተሻል?" መልሴን ሳይጠብቁ ለለቀስተኛው ሲናገሩ ሰማኋቸው፤ "ልጄ ናት! ፈተና ወድቃ ነው! ሦስት ቀራት!"

የማላውቀው የአንድ ሽማግሌ ድምፅ "አይዞሽ በላት!" አለ። አንዲት ሴት "ለሚቀጥለው እመቤቴ ታውቃለች፣ አታልቅሺ በሏት" አለች። ከዚያ ድንኳኑ ሁሉ ተቀባበለው። ለአራት ወር ነፍሴን ይዤ የደበቅሁት ነገር በመሸንቲ ለቅሶ ላይ ታወጀ። እኔ አላለቀስሁም፤ ግቢያችን መሐል ቆሜ ሆዴን ይዤ እሥቅ ነበር። አራተኛው ፈተና ሁለት ወር ቀርቶታል።